ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ»፦ በልብ ወለድ ውስጥ ገና ያልተነገረ ፍቅርን ስለ ማንበብ



ንግግሬን ሁላችሁም ከምታውቁት ግቢ ልጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ ያልረገጠ አማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። በዛብህ ወደዚያ ቤት የገባው ለሥራ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር። ደራሲው በዚያ ሰዓት ስለ ፍቅር ገና አልነገሩንም። እኛ ግን አውቀነዋል። ወጣት መምህርና ወጣት ተማሪ በአንድ ጽሑፍ ላይ ሲያጎነብሱ፣ የበዛብህ ወላጆች ለቤተ ክርስቲያን እንደ ተሳሉት ስናስታውስ፣ የመጽሐፉ ርእስ ደግሞ ገና ከሽፋኑ ፍቅርንና መቃብርን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥልን፣ ወዴት እየሄድን እንደ ሆነ ልባችን ይነግረናል። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያፋጥጠን የለም።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ደራሲ ያንኑ ዓይነት ምልክት በሁለት ሴቶች መካከል ሲያስቀምጥ ለምን ይጠፋናል? ዓይናችን ውስጥ ሲገባስ ለምን «ጓደኛሞች ናቸው እኮ» ብለን ገጹን እንገልጣለን? ለበዛብህና ለሰብለ በአንዲት እይታ የረካን አንባቢዎች፣ ለሁለት ሴቶች ሲሆን መሐላና ምስክር እንጠይቃለን። አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ለንባብ የሚያስፈልገን ቁና አንድ ነው፤ ለአንዱ ሞልቶ ለሌላው ጎድሎ የሚሰፍር ቁና ደራሲውንም መጽሐፉንም ይበድላል።

ጉዳዩ ከብዶት የተቀመጠ ሰው በመካከላችን እንደሚኖር አውቃለሁ። በሀገራችን ሕጉም ልማዱም ለእንዲህ ያለው ፍቅር ፊት እንደማይሰጥ የማያውቅ የለም። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ በወረቀቱ ላይ ያለውን አብረን እንይ። የተጻፈን ነገር እንዳልተጻፈ መቁጠር ማንበብ አይደለምና።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ለጉዳያችን «ንግር» የሚል ቃል አላቸው። ደራሲው ወደፊት የሚመጣውን ድርጊት አስቀድሞ በጥቂቱ ሲጠቁም ንግር ይባላል። ወደ ኋላ መለስ ብሎ ያለፈውን የሚያሳየው ምልሰት ነው። ምልሰት ራሱን አይደብቅም፤ «ያኔ» ብሎ ይጀምራል። ንግር ግን የሚሠራው ሳይታወቅበት ነው። መጀመሪያ ስናገኘው ተራ ነገር ይመስላል፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ የስም አጠራር፣ አንድ ዝምታ። ፍጻሜውን አይተን ስንመለስበት ግን «ይህ እዚህ ነበር ለካ!» ያሰኘናል። ከሰምና ወርቅ ጋርም አናምታታው። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ላይ አብረው ይገኛሉ፤ የንግር ወርቅ ከመቶ ገጽ በኋላ ነው የሚደርሰው። ቅኔ የሰላ አእምሮ ይሻል፤ ንግር ደግሞ ትዕግሥትና የማይረሳ ዓይን ይሻል።

እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ከፍተን ቀረብ ብለን እንየው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1921 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት የተወለደች ደራሲ ናት። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1950 ታትሞ በዓመቱ በአልፍሬድ ሂችኮክ እጅ ፊልም ሆኖላታል። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1948 የገና ሰሞን፣ ገንዘብ ስላጠራት በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር የአሻንጉሊት ክፍል በጊዜያዊነት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን የፀጉር ካፖርት የለበሰች፣ ወርቃማ ፀጉር ያላት ሴት መጣች፤ አሻንጉሊት ገዛች፣ አድራሻዋን ሰጠች፣ ሄደች። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልተደረገም። ሃይስሚዝ ግን በዚያው ምሽት ቤቷ ገብታ በሁለት ሰዓት ያህል የአንድ ልብ ወለድ ንድፍ ጽፋ ጨረሰች። በማግሥቱ በትኩሳት ወደቀች። ይህን ታሪክ የነገረችን ራሷ ናት፤ የነገረችን ግን ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ልብ ወለዱ በ1952 ሲወጣ የእርሷ ስም አልነበረበትም። «የጨው ዋጋ» የሚል ርእስና «ክሌር ሞርጋን» የሚል የብዕር ስም ይዞ ታተመ። በ1990 «ካሮል» ተብሎ እንደ ገና ሲታተም ነው በገዛ ስሟ የወጣው።

ልብ ወለዱ እንዲህ ይጀምራል። ቴሬዝ ቤሊቬት የ19 ዓመት ወጣት ናት፤ የቲያትር መድረክ ንድፍ ሠሪ መሆን ትመኛለች። እስከዚያው በአንድ ግዙፍ መደብር የአሻንጉሊት ክፍል ተቀጥራለች። በዚያ ፎቅ ላይ ዓይኗን የሚይዛት አንድ የመጫወቻ ባቡር አለ። በጠባብ ሐዲድ ላይ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል፤ ኃይል አለው፣ መድረሻ ግን የለውም። ደራሲዋ ባቡሩ የምን ምሳሌ እንደ ሆነ አታብራራም። እኛም ለጊዜው እንደ አንድ የሱቅ ዕቃ አይተነው እናልፋለን።

ከዚያ ካሮል ኤርድ ወደ ባንኮኒው ትመጣለች። ከቴሬዝ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት፣ ትዳሯ ግን በመፍረስ ላይ ያለ ሴት ናት። ዓይኖቿ ግራጫ ናቸው። እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ካሮል ለልጇ ስጦታ ልትገዛ መጥታ፣ አሻንጉሊት ከመጠየቋ በፊት የጠየቀችው ቫሊጃ ነው። ቴሬዝ ከተደረደሩት ሣጥኖች አንዱን ታወርድላታለች። ካሮል ግን የወደደችው ለእይታ የተቀመጠውን ነው፤ እርሱን ልታገኝ እንደማትችልም ገምታለች። ቴሬዝ ያንኑ አውጥታ ትሰጣታለች።

ይህን ክፍል መጀመሪያ ሳነብ ምንም አልታየኝም። ሻጭና ገዢ፣ የገና ግርግር፣ አንድ ሻንጣ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን እጄ ገጹ ላይ ቀረ። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ያውቃል፦ እነዚህ ሁለት ሴቶች ኋላ ሁሉን ትተው በመኪና ወደ ምዕራብ አሜሪካ ይጓዛሉ፤ ፍቅራቸውም የሚገለጠው በዚያ መንገድ ላይ፣ በአዮዋ ግዛት ዋተርሉ በምትባል ከተማ ነው። ከጉዞው በፊት ካሮል ለቴሬዝ ከምትሰጣት ስጦታ አንዱ የጉዞ ሻንጣ ነው። እንግዲህ በመካከላቸው የተነሣው የመጀመሪያው ዕቃ የመንገድ ዕቃ ነበር ማለት ነው። የማይገኘውን ዕቃ የለመነችው ካሮል፣ አውጥታ የሰጠቻት ቴሬዝ። በጠባብ ሐዲድ የሚዞረው ባቡርም በዚያን ጊዜ ትርጉሙን ይሰጣል፤ መውጫ ያጣው ኃይል መንገድ አገኘ። ደራሲዋ ይህን ሁሉ በአንድ የሽያጭ ባንኮኒ ላይ አስቀምጣልን ስታበቃ «ፍቅር» የሚለውን ቃል አልነካችውም።

ሌላም አለ። ትረካው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄደው በቴሬዝ አንጻር ነው። ካሮል ልብ ውስጥ አንድም ጊዜ አንገባም። ካሮል ምን እንደምታስብ ቴሬዝ ካላወቀች እኛም አናውቅም። ስለዚህ የካሮል እጅ፣ የካሮል ዝምታ፣ ካሮል ስልክ ስትደውል የምታወጣው ድምፅ፣ ለቴሬዝም ለእኛም እኩል እንቆቅልሽ ነው። ይህ የትረካ አንጻር አንባቢውን የሚወድ ሰው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የሚወድ ሰው ደግሞ ምልክት አንባቢ ነው። መጽሐፉ ፍንጭ እየለቀምን እንድናነብ የሚያስገድደን ደራሲዋ ዓይን አፋር ስለ ሆነች አይደለም፤ የፍቅር መጀመሪያው ራሱ እንዲያ ስለ ሆነ ነው።

ቴሬዝ የካሮልን አድራሻ ያገኘችው ዕቃው ከሚላክበት ደረሰኝ ላይ ነው። በዚያ አድራሻ የገና ካርድ ትልክላታለች። ስሟን ግን አትጽፍም፤ የሠራተኛ ቁጥሯን ብቻ፣ «645-ኤ» ብላ ትፈርማለች። ካሮል ትደውላለች፤ ምሳ ይገናኛሉ። በምሳው ገበታ ላይ ሁለቱም ስማቸውን ይነጋገራሉ፤ እያንዳንዳቸውም «ስሜን ወደፊት እንዲህ አድርገሽ እንዳትጠሪው» የሚል ትንሽ ማሳሰቢያ ይለዋወጣሉ። ይህን ወድጄዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ምሳ አብረነው ለምንበላው ሰው የስማችንን አጠራር አናቃናም፤ ቢሳሳትም እናልፈዋለን። የምናርመው ከእንግዲህ ብዙ ጊዜ ይጠራናል ብለን ተስፋ ያደረግነውን ሰው ነው። ያ ማሳሰቢያ ሲነገር ስለ ስም ነው፤ ሲሰማ ግን ስለ ነገ ነው።

እዚህ ላይ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ ገዛ ቋንቋችን ልመልሳችሁ። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል የመጀመሪያው ችግር የሚገጥመን የት ነው? አልጋው ዘንድ አይደለም። ባንኮኒው ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው፣ ለንጉሥም ለሕፃንም፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት የጥሪ ቃል ነው ያለው። የእኛ ቋንቋ ግን እንዲህ አይለቅም። የ19 ዓመት ሻጭ ለታላቋ፣ ለተከበረች ደንበኛ ምን ትላለች? «እርስዎ»። ይህ ቀላል ነው። ከዚያስ? ካርዱን ስትጽፍ «መልካም በዓል ይሁንልዎ» ነው ወይስ «ይሁንልሽ»? ምሳው ላይ ስም ከተለዋወጡ በኋላስ? ካሮል ቤቷ ወስዳት የሞቀ ወተት ስታጠጣትስ? በመኪናው ውስጥስ?

አማርኛ ተርጓሚ አንድ ቀን፣ በአንድ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ላይ፣ «እርስዎ»ን ትቶ «አንቺ» ማለት ግድ ይሆንበታል። ያ ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ቀደም ብሎ ቢያደርገው ምስጢሩን ያወጣዋል፤ ቢያዘገየው ፍቅሩን ያቀዘቅዘዋል። የእንግሊዝኛው ደራሲ ሳትናገር ያለፈችውን ነገር አማርኛው ቆሞ ይጠይቃል፦ «እነዚህ ሰዎች አሁን ምን ያህል ቀርበዋል?»

የሚደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው። «እርስዎ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ አክብሮት ጾታን ይሸፍናል። ቅርበት ሲመጣ ግን ሽፋኑ ይነሣል፤ ወይ «አንተ» ነው ወይ «አንቺ»። በአማርኛ ሰውን መቅረብ ማለት ሴትነቱን ወይም ወንድነቱን በአፍ መጥራት ነው። «እወድሻለሁ» ስንል የተወደደችው ሴት መሆኗ በቃሉ ውስጥ አለ፤ የወደደው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ግን የለም። ልክ እንደ ቴሬዝ ካርድ፦ ተቀባይዋ በስም የታወቀች፣ ላኪዋ ቁጥር ብቻ። ሃይስሚዝ በ«645-ኤ» የሠራችውን ሥራ የእኛ ግሥ በራሱ ጊዜ ይሠራዋል። ከአንቱታ ወደ አንቺ የሚደረገው ያ አንድ እርምጃ በአማርኛ ሊኖር የሚችል ትልቁ ንግር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ማንም ምንም ሳይናዘዝ ሁሉም ነገር ተነግሯል። እናንተም በሕይወታችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው አንድ ቀን በድንገት «አንቺ» ወይም «አንተ» ብሎ የጠራችሁን ሰዓት ማን ይረሳዋል?

አሁን ደግሞ ፍንጭ ለምን አስፈለገ ወደሚለው እንሻገር። ግማሹ ምክንያት ጥበብ ነው፤ ስለ እርሱ እስካሁን ተናገርን። ግማሹ ግን ፍርሃት ነው።

በ1928 ራድክሊፍ ሆል የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ ሴትን ስለምታፈቅር ሴት በግልጽ የጻፈችው ልብ ወለድ ለንደን ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲወገድ ተፈረደበት። በአሜሪካ የሆሊውድ ኩባንያዎች ከ1934 ጀምሮ ጠበቅ አድርገው ባስፈጸሙት የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ፣ እንዲህ ያለውን ፍቅር ማሳየት ብቻ ሳይሆን መጠቆምም ክልክል ነበር። ልብ በሉ፤ ፍንጩ ራሱ በደንብ ተከልክሏል። በዚያው በ1934 ሊሊያን ሄልማን ያቀረበችው «የልጆች ሰዓት» የተሰኘው ቲያትር በሁለት ሴት መምህራን ላይ ስለ ተነዛ ወሬ ነበር። በ1936 ፊልም ሲሆን ወሬው ተለውጦ አንዲቱ መምህርት ከሌላይቱ እጮኛ ጋር ትማግጣለች የሚል ሆነ። እውነተኛው ታሪክ በፊልም ለመታየት እስከ 1961 ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

መጽሐፍም ቢሆን አልተረፈም። «የጨው ዋጋ» በወጣበት በ1952 በሌላ ደራሲ ስለ ሁለት ሴት ተማሪዎች የተጻፈ ርካሽ ልብ ወለድ ታትሞ ነበር። አሳታሚው ለደራሲዋ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ፍጻሜው ደስ የሚል መሆን የለበትም፤ ፖስታ ቤት መጽሐፉን በብልግና ስም እንዳይዘው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረ አንባቢ በሁለት ሴቶች መካከል ፍንጭ ሲያይ ፍቅር ይመጣል ብቻ ሳይሆን መቅሠፍት ይመጣል ብሎም ይጠብቅ ነበር። ይህ ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነው። አየርላንዳዊው ሸሪዳን ሌ ፋኑ በ1872 ባሳተመው «ካርሚላ» ላውራ የምትባል ልጅ በስድስት ዓመቷ ሌሊት ከአልጋዋ አጠገብ አንዲት ቆንጆ ወጣት ታያለች። ካደገች በኋላ ያቺው ፊት በእንግድነት ቤታቸው ትገባለች። እንዴት ያለ የተዋጣ ንግር ነው! መጨረሻው ግን እንግዳይቱ ደም መጣጭ ሆና ተገኝታ በመቃብሯ ውስጥ መገደሏ ነው። ፍንጩ የተተከለው ፍቅርን ሊያበቅል ሳይሆን አደጋን ሊያስጠነቅቅ ነበር።

ፍንጭ በፍርሃት ብቻ የሚኖር ቢሆን ፍርሃቱ ሲቀንስ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ለዚህ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ላንሣ፤ ምናልባት ልጆቻችሁ ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል። «የኮራ አፈ ታሪክ» ከ2012 እስከ 2014 በኒክሎዲየን የቀረበ፣ 52 ክፍሎች ያሉት የአሜሪካ ካርቱን ነው። ኮራ አራቱን ባሕርያት፣ ውኃን፣ መሬትን፣ እሳትንና ነፋስን የምትገዛ ጀግና ናት። አሳሚ የኢንዱስትሪ ባለሀብት ልጅ፣ መሐንዲስና ሾፌር ናት። ሲጀመር ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ወንድ ምክንያት፣ እንደ ተፎካካሪ ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ኮራ ተመርዛ ከሞት ትተርፋለች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ትቀራለች። አሳሚ ታለብሳታለች፣ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ «አብሬሽ ልሂድ» ትላታለች። ኮራ ለማገገም ወደ ወላጆቿ አገር ትሄዳለች፤ ከጓደኞቿም ተለይታ ሦስት ዓመት ትቆያለች። ጓደኞቿ ሁሉ ደብዳቤ ይጽፉላታል። እርሷ የምትመልሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአሳሚ። በደብዳቤውም ለሌሎቹ እንዳትነግር ትለምናታለች፤ ለእርሷ መናገር እንደሚቀላትም ትገልጻለች። ከዚያ ስትመለስና አሳሚ ያጠረውን ፀጉሯን ስታደንቅላት ኮራ ፊቷ ይቀላል። በመጨረሻው ትዕይንት፣ በታኅሣሥ 2014፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ወደ መናፍስት ዓለም በሚወስደው ብርሃን ውስጥ ይገባሉ። አቋቋማቸው ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያው ክፍል የተጋቡት ሙሽሮች የቆሙበት ነው።

በማግሥቱ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ፍቅር ነው» አለ፤ ግማሹ «የእኅትማማች ጉዞ ነው፣ አታብዙት» አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱ ፈጣሪዎች በየራሳቸው ጽሑፍ ፍቅር መሆኑን አረጋገጡ፤ በ2017 በወጣው የሥዕል መጽሐፍም ታሪኩ ከዚያው ከብርሃኑ በር ቀጠለ፣ ሁለቱም ተሳሳሙ። እኔ ግን የፈጣሪዎቹ ማረጋገጫ ባይመጣስ ብዬ አስባለሁ። ደብዳቤው እኮ ነበረ። ከብዙ ወዳጅ መካከል ለአንዲት ብቻ የተጻፈ፣ ለሌሎች እንዳይነገር የተለመነበት ደብዳቤ። ኮራ ለአንድ ወንድ ብቻ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ማን ይከራከር ነበር?

«እንግዲያማ ሁለት ሴቶች በተዋደዱ ቁጥር ፍቅረኞች ናቸው ልንል ነው?» የሚል ጥያቄ ከአዳራሹ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁናው አንድ ይሁን ያልኩት ለዚህም ነው፤ ትክክለኛ ቁና አይጎድልም፣ አያተርፍምም። እኔ ፍንጭን የምመዝነው በሦስት ነገር ነው። ተደጋግሟል ወይ? አስከፍሏል ወይ? ለአንድ ሰው ብቻ ነው ወይ? የካሮል ቫሊጃ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። የካሮል ፍቅር አስከፍሏታል፤ ባሏ የቀጠረው የግል መርማሪ በየሆቴሉ ተከታትሏቸው ልጇን የማሳደግ መብቷን አጥታለች። የኮራ ደብዳቤ ለአንዲት ብቻ ነው።

አሁን በዚሁ ሚዛን ሌላ መጽሐፍ እንመዝን። ካናዳዊቷ ኤል. ኤም. ሞንትጎመሪ በ1908 ያሳተመችው የአን ሸርሊ ታሪክ በዓለም ሁሉ የተወደደ ነው። ወላጅ አልባዋ አን ጎረቤቷን ዳያናን ባወቀቻት ቀን የዘላለም ወዳጅነት ይማማላሉ። ቃሉ ትኩስ ነው፤ መሐላው የሙሽሮች ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ልጃገረዶች እንዲህ ባለ ቋንቋ መዋደዳቸው የተለመደ ነበር። የደራሲዋን የንግር ክር ብንከተል ወደ ሌላ ሰው ይወስደናል። ጊልበርት ብላይዝ የሚባል ልጅ በትምህርት ቤት ቀዩን ፀጉሯን ከካሮት ጋር አመሳስሎ ሲጠራባት አን የመጻፊያ ሰሌዳዋን አናቱ ላይ ትሰብረዋለች። ከዚያ በኋላ ስንት ገጽ ሙሉ ስሙን አልጠራም ብላ ትኮራለች! ስም አለመጥራቷ ተደጋገመ፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ጊልበርት በአቅራቢያዋ እንድትሠራ ብሎ የመምህርነት ቦታውን ለቀቀላት፤ ማለትም ከፈለ። በኋለኞቹ መጻሕፍት ተጋቡ። ስለዚህ የአንና የዳያና መሐላ ወዳጅነት ነው፤ ታላቅ ወዳጅነት። ይህን የምለው ሴቶች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ጽሑፉ ወደዚያ ስለሚመራኝ ነው። በዚሁ ሐቀኝነት ነው «ካሮልና ቴሬዝ ጓደኛሞች ናቸው» የሚለውን የማልቀበለው።

ንባብ የፍትሕ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው። ደራሲ ፍንጭ ሲያስቀምጥ ለአንባቢው ቃል እየገባ ነው፤ «አምነህ ተከተለኝ፣ አላታልልህም» እያለ ነው። አንባቢውም በበኩሉ ያየውን አላየሁም ላለማለት ቃል አለበት። ከሁለቱ አንዱ ሲያፈርስ መጽሐፉ ይሞታል። በፍንጭ ብቻ ራሳቸውን ሲፈልጉ የኖሩ አንባቢዎች ደግሞ አሉ። ሃይስሚዝ እንደ ነገረችን፣ ልብ ወለዱ በርካሽ ዋጋ እንደ ገና ከታተመ በኋላ ለክሌር ሞርጋን የተጻፉ ደብዳቤዎች ለወራት ይጎርፉ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 እና 15 እየሆኑ። ሴቶችም ወንዶችም ይጽፉ ነበር። ያመሰገኗት በመጽሐፉ ውስጥ ማንም ስላልሞተ፣ ማንም ራሱን ስላላጠፋ፣ ለሁለቱ ሴቶች ነገ ስለ ተረፈላቸው ነው። እነዚያ ሰዎች ከዚያ በፊት የሚያውቁት ንግር ሁሉ ወደ መቃብር የሚወስድ ነበር።

በዚያው በመጨረሻው ገጽ ልሰናበታችሁ። ካሮል ልጇን አጥታለች፤ ቴሬዝ ተለይታት ቆይታለች፤ አንዴም «አይሆንም» ብላታለች። ከዚያ በራሷ ፈቃድ ካሮል ወዳለችበት አዳራሽ ትገባለች። ካሮል ከሩቅ ታያታለች፤ እጇን ከፍ አድርጋ ሰላምታ ትሰጣታለች። ቴሬዝ ወደ እርሷ ትራመዳለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተባባሉ፣ አብረው እንደ ኖሩ፣ ምን እንደ ገጠማቸው አልተጻፈም። በቫሊጃ የጀመረው ታሪክ በተነሣ እጅ ያልቃል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ራሱ ንግር ነው፣ የሚፈጸመውም ከመጽሐፉ ውጭ፣ በእኛ ውስጥ ነው።

ቴሬዝ ካሮል ጠረጴዛ አጠገብ ስትደርስ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደሚሆን ደራሲዋ አልነገረችንም። በአማርኛ ብትናገር ግን እኛ አንድ ነገር እናውቃለን። «እርስዎ» አትላትም።